ኳሷ ሁለቴ ትነጥራለች፣ ወንበሩ ግን ወደ ጎን አይሄድም፦ የዊልቸር ቴኒስ የወንዶች ጥንድ ውድድር በዊምብልደን

ስለ ዊልቸር ቴኒስ አንድ ነገር ብቻ የሰማ ሰው፣ የሰማው ኳሷ ሁለት ጊዜ ነጥራ መመታት እንደምትችል ነው። እውነት ነው፤ ከተለመደው ሜዳ ቴኒስ የሚለየው ትልቁ ሕግ ይኸው ነው። ጨዋታውን የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው። ወንበር ወደ ጎን አይራመድም። በእግሩ የሚጫወት ሰው ፊቱን ከመረቡ ሳያነሳ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። በዊልቸር የሚጫወተው ወደ ጎን ለመሄድ መጀመሪያ ወንበሩን ማዞር አለበት፤ ወደ ኋላ ለመመለስም አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ለተጋጣሚው ይሰጣል። ስለዚህ ዋንጫ የሚያነሱት ኳስ በኃይል የሚመቱት ብቻ አይደሉም፤ መቼና በየት በኩል መዞር እንዳለባቸው የሚያውቁት ናቸው። በጥንድ ውድድር ደግሞ በአንድ ሜዳ አጋማሽ ላይ የሚዞሩት ወንበሮች ሁለት ናቸው፤ ችግሩም ዕድሉም በዚያው ልክ ይጨምራል።

እዚህ የምናየው ለንደን ውስጥ በሣር ሜዳ ላይ የሚካሄደውን የዊምብልደንን የወንዶች ጥንድ ውድድር ነው። ሣር ለዊልቸር ከሁሉም የከበደ ሜዳ ስለሆነ፣ የጨዋታው ባሕርይ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው የተወለደው በ1976 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ነው። የጀመረው ብራድ ፓርክስ የሚባል፣ በበረዶ ሸርተቴ ላይ ወድቆ የጀርባ አጥንቱ የተጎዳ ወጣት ነበር። በ1988 የሴኡል ፓራሊምፒክ ለሙከራ ቀረበ፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ስፖርት ሆነ። የዚያን ጊዜውን የወንዶች ጥንድ ወርቅ የወሰደው ራሱ ፓርክስ ከራንዲ ስኖው ጋር ተጣምሮ ነው። ዊምብልደን የወንዶችን ጥንድ በይፋ ያስገባው በ2005 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች ፈረንሳዊው ሚካኤል ዤሬሚያዝና እንግሊዛዊው ጃያንት ሚስትሪ ናቸው። ነጠላው የመጣው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነው። እስከዚያ ድረስ ይነገር የነበረው ምክንያት አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ሜዳውን በሣር ላይ በእጁ እየገፋ መሸፈን አይችልም የሚል ነበር። ይችላል፤ በ2016 ጎርደን ሪድ የመጀመሪያውን የነጠላ ዋንጫ አንስቷል። እንዲህ ሆኖ በዊምብልደን ጥንዱ የነጠላው ታላቅ ወንድም ሆነ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሜዳው አይቀየርም። ርዝመቱ 23.77 ሜትር፣ የጥንድ ወርዱ 10.97 ሜትር፣ የመረቡ ከፍታ መሐል ላይ 91.4 ሳንቲ ሜትር፣ ምሰሶዎቹ ጋ 1.07 ሜትር፤ ሁሉም በእግር ከሚጫወቱት ጋር አንድ ነው። ራኬቱም ኳሱም ያው ነው።

ኳሷ ሁለት ጊዜ ብትነጥርም፣ የመጀመሪያው ነጠራ የግድ ከመስመሩ ውስጥ መሆን አለበት። ሁለተኛው የትም ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ መስመሩ አራት ሜትር ርቆም ቢሆን። ሦስተኛ ጊዜ መሬት ከነካች ነጥቡ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ማንጠር መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ሳትነጥር መምታትም፣ አንዴ ነጥራ መምታትም ይቻላል። ምርጦቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹን ኳሶች የሚመቱት አንዴ እንደነጠረች ነው።

ወንበሩ እንደ ተጫዋቹ አካል ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚደናገርበት ይህ ስለሆነ በምሳሌ እንየው። ተጋጣሚህ የመታው ኳስ ከሜዳ ሊወጣ ነው፤ አንተ ደግሞ ከኋላ መስመሩ ውጪ ቆመሃል። ኳሱ መሬት ሳይነካ ጎማህን ነካ። ነጥቡ የተጋጣሚህ ነው፤ «ሊወጣ ነበር» የሚል ክርክር አይሠራም። ሰርቭ የተደረገ (ነጥቡን ለማስጀመር የተመታ) ኳስም እንዲሁ መሬት ሳይነካ የተቀባዩን ወይም የጓደኛውን ወንበር ከመታ ነጥቡ ለመቺው ነው። በጥንድ ጨዋታ መረብ አጠገብ ያለ ተጫዋች ወንበሩ ሰፊ ዒላማ ስለሆነ፣ ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው ወደ እሱ አጥብቀው ይመታሉ።

ሰርቭ የሚያደርገው ሰው መጀመሪያ ወንበሩን ማቆም አለበት። ከዚያ ኳሷን ከመምታቱ በፊት አንድ ግፊት ብቻ ይፈቀድለታል፤ ጎማዎቹም ኳሷ እስክትመታ ድረስ የኋላ መስመሩን መንካት የለባቸውም። በጨዋታ መካከል በእግር መሬት ገፍቶ መዞር፣ መቆም ወይም ኳስ መምታት ነጥብ ያስነጥቃል። ኳሷን ሲመታ ደግሞ ከመቀመጫው ቢያንስ አንዱ ወገን ወንበሩን መንካት አለበት፤ ብድግ ብሎ ከፍ ያለ ኳስ መምታት አይቻልም። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ እግሩ ከፊል የሚታዘዝለት ሰው ጨርሶ በማይታዘዝለት ላይ ጥቅም እንዳያገኝ።

ምክንያቱም የወንዶቹ ክፍል አንድ ብቻ ነው። በአንድ ወይም በሁለቱም እግሮች ላይ እንቅስቃሴን የሚያሳጣ ቋሚ ጉዳት ያለበት ሁሉ በዚሁ ይጫወታል። ጎርደን ሪድ በ12 ዓመቱ የጀርባ አከርካሪ ነርቭ ብግነት ይዞት ነው እዚህ የደረሰው፤ አልፊ ሂውት ከልጅነቱ የዳሌ መገጣጠሚያ በሽታ አለበት፤ ጃፓናዊው ቶኪቶ ኦዳ በ9 ዓመቱ የአጥንት ካንሰር ዳሌው ላይ ወጥቶበት ነበር። እጃቸውም ጭምር የተጎዳ ተጫዋቾች «ኳድ» በሚባል ሌላ ክፍል ይወዳደራሉ። ድንበሩ ላይ ክርክር አይጠፋም፤ ሂውት ራሱ ጉዳቱ መስፈርቱን አያሟላም ተብሎ ከስፖርቱ ሊወጣ ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን መስፈርቱን ሲያሻሽል ነው የቀረው።

ወንበሩ

የቴኒስ ዊልቸር ሆስፒታል ውስጥ ከምናየው ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለተጫዋቹ ሰውነት በልክ የሚሠራ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ከ24 እስከ 26 ኢንች ናቸው፤ ቀጥ ብለው አይቆሙም፣ ከላይ ወደ ተጫዋቹ ተጠግተው ከታች ወደ ውጪ 20 ዲግሪ ገደማ ይከፈታሉ። ይህ ማዘንበል ሦስት ሥራ ይሠራል። ወንበሩ መሬት ላይ የሚይዘውን ስፋት ስለሚጨምር በፍጥነት ሲታጠፍ አይገለበጥም። መዞርን ያቀላል። ሁለት ወንበሮች ሲጋጩም ቀድመው የሚነካኩት የጎማዎቹ የታች ጫፎች ስለሆኑ እጅ ከመጨፍለቅ ይተርፋል። ከፊት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መገልበጥን የሚከላከል አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ጎማ አለ። የኋለኛዋን ትንሽ ጎማ አቅልላችሁ አትዩአት፤ ያለሷ ሰርቭ ለማድረግ ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው በጀርባው ይወድቃል።

ተጫዋቹ በወገቡ፣ ብዙ ጊዜም በጭኑና በእግሩ ላይ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር ይታሰራል። ማሰሪያው ላላ ካለ ሰውየው ሲዞር ወንበሩ ዘግይቶ ይከተላል፤ በዚያች ቅጽበት ኳሷ አልፋለች። የመቀመጫው ከፍታ ደግሞ ስምምነት ይጠይቃል። ከፍ ባለ ቁጥር ለሰርቭ ይመቻል፣ ለመገልበጥ ግን ይቀርባል። ሆዱንና ወገቡን የሚቆጣጠርበት ጡንቻ የሌለው ሰው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ይቀመጣል፤ እግሩ ብቻ የተቆረጠ ሰው ከፍ ብሎ መቀመጥ ይችላል። ይህ ልዩነት በአንድ ጥንድ ውስጥም ስለሚኖር፣ ማን መረብ ጋ ይውጣ፣ ማን ኋላ ይቅር የሚለውን ይወስናል።

ጎማው በጠንካራ ሜዳ ላይ ከ100 ፒኤስአይ በላይ ይነፋል፤ የመኪና ጎማ ከሚይዘው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ራጂ ይሰበራል፣ ካላማዳሪ ይፈነዳል፣ ኩሽኔታ አሸዋና ሣር ይገባበታል። ስለዚህ ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ መለዋወጫ ጎማ ከሜዳው ዳር አይጠፋም፤ ጨዋታው ላይ ቢበላሽ ዳኛው ለጥገና የተወሰነ ጊዜ ይሰጣል። ጎማ መቀየሩ ራሱ የሰኮንዶች ሥራ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ መንቀል ነው። ጓደኛ ያለው ሰው ግን የነጥቡን መጨረሻ በጓደኛው ብርታት ሊያተርፍ ይችላል፤ አንዱ ቢወድቅም ሌላው ኳሷን እስከመለሰ ድረስ ነጥቡ ይቀጥላል።

አሁን ከሁሉም የሚያስቸግረው፦ እጅ ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ ራኬት ይዟል። ተጫዋቹ የራኬቱን እጀታ በጣቶቹ ጨብጦ፣ በመዳፉ ሥርና በአውራ ጣቱ የጎማውን መግፊያ ቀለበት ይገፋል። በዚያ በኩል ያለው ግፊት ሁልጊዜ ይደክማል። ካላስተካከለው ወንበሩ ወደ ራኬቱ ወገን ይታጠፋል። ጀማሪ ተጫዋች ቀጥ ብሎ መሄድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። የባክሃንድ ምት (የእጅን ጀርባ ወደ ፊት አድርጎ የሚመታው) በአንድ እጅ የሚሆነውም ሌላው እጅ ወንበሩን ስለሚይዝ ነው። ዝናብ ጠብ ባለ ወይም ጠል ባለበት ጠዋት የመግፊያው ቀለበት ያንሸራትታል፤ በጌሞች (በአንድ ሰው ሰርቭ በሚካሄዱት የጨዋታ ክፍሎች) መካከል ባለው እረፍት ላይ ተጫዋቾች እጃቸውን ብቻ ሳይሆን ቀለበቱንም በፎጣ ሲጠርጉ የምናየው ለዚህ ነው።

ሣር ምን ያደርጋል?

በሣር ላይ መግፋት ወፍራም ምንጣፍ ላይ እንደ መግፋት ነው። በጠንካራ ሜዳ አንዴ ተገፍቶ የሚንሸራተተው ወንበር እዚህ ቶሎ ይቆማል። የቆመ ወንበርን እንደገና ማስነሳት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ጉልበት ይበላል፤ ስለዚህ ዋናው ሕግ «አትቁም» ነው። ኳስ ባይመጣም ትንሽ ትንሽ እየገፉ መንከባለል። ኳስ እየጠበቀ ወንበሩን ያቆመ ሰው ግማሹን ነጥብ አስረክቧል።

ሁለተኛው ነገር የኳሱ ነጠራ ነው። የውድድር ኳስ ከ2.54 ሜትር ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ሲጣል ከ1.35 እስከ 1.47 ሜትር ድረስ እንዲነጥር ተደርጎ ነው የሚሠራው። በዚሁ ስሌት ለሁለተኛ ጊዜ ሲነጥር 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ለተቀመጠ ሰው የሚመች ከፍታ ነው። ሣር ግን ኳሷን ይበላታል፤ ዝቅ ብላ ተንሸራታ ታልፋለች፣ በተለይ ስላይስ ተደርጋ (ከሥሯ ተቆርጣ ወደ ኋላ እንድትሽከረከር) ከተመታች። ከመጀመሪያው ነጠራ አንድ ሜትር የወጣች ኳስ እንደገና መሬት እስክትነካ 0.9 ሴኮንድ ይፈጃል። ግማሽ ሜትር ብቻ የወጣች ግን በ0.64 ሴኮንድ ትወርዳለች። ልዩነቱ ሩብ ሴኮንድ ነው፤ በሴኮንድ ሦስት ሜትር ለሚንከባለል ወንበር ይህ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ኳስ መድረስና አለመድረስ የሚለየው እዚያች ላይ ነው። ሁለተኛው ነጠራም ከመጣ፣ ከጎማው ጫፍ በታች እየተሳበች ነው የምትመጣው። ስለዚህ ሕጉ የሰጠውን ሁለተኛ ነጠራ ሣሩ ግማሹን መልሶ ይወስዳል።

ሁለተኛውን ነጠራ መጠበቅ ሌላም ዋጋ አለው፦ ቦታ። ተጫዋቹ ኳሷን ተከትሎ ከኋላ መስመሩ ሦስትና አራት ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከዚያ ርቀት የሚመለስ ኳስ ለተጋጣሚው ረጅም ጊዜ ይሰጣል። መዘግየት ለጊዜው ያሳርፋል፤ ቀጥሎ ያለውን ኳስ ግን ያከብዳል።

ሰርቭ ለምን ደካማ ይመስላል?

ብዙ ተመልካች የሚጠይቀው ነው፣ መልሱም በሒሳብ ይገኛል። ከኋላ መስመሩ እስከ መረቡ 11.885 ሜትር፣ ከመረቡ እስከ ሰርቭ መስመሩ (ሰርቭ ሳያልፈው ማረፍ ያለበት መስመር) 6.40 ሜትር ነው። የስበትን ጉዳይ ትተን፣ ከሰርቭ መስመሩ ተነስቶ የመረቡን መሐል ጫፍ ነክቶ እስከ ኋላ መስመሩ ቀጥ ያለ ክር ብንወጥር፣ መቺው ጋ ሲደርስ ከፍታው 2.61 ሜትር ይሆናል። ረጅም ሰው በእግሩ ቆሞ ሲዘል ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ወደ ታች አጥብቆ መምታት ይችላል። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ኳሷን የሚያገኛት 2 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። እንግዲህ ኳሷን ቀጥታ ወደ ታች መምታት አይችልም፤ ከመረቡ በላይ አሳልፎ በማሽከርከርና በስበት ኃይል ነው የሚያወርዳት። የእግርና የዳሌ ጉልበትም የለም፤ ያለው ትከሻ፣ ክንድና፣ ካለ፣ የወገብ መዞር ብቻ ነው።

ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ይታያል። በእግር በሚደረገው የወንዶች ጨዋታ ሰርቭ የያዘ ወገን ጌሙን እንደሚወስድ ይጠበቃል፤ እዚህ ግን የሰርቭ ጌም መነጠቅ ዘወትር የሚታይ ነው። 4 ለ 1 መምራት ብዙ አያስተማምንም። ሁለተኛው ሰርቭ በተለይ ቀርፋፋ ስለሚሆን ተቀባዩ ወደፊት ገፍቶ፣ ከሜዳው ውስጥ ገብቶ ያጠቃዋል። ጎበዝ ጥንድ የሚለየው ሰርቩን ባለማስነጠቅ አይደለም፤ ከተነጠቀ በኋላ ወዲያው በማስመለስ ነው።

ሁለት ወንበር፣ አንድ ሜዳ

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ኳስ መትቶ ወደ ቦታ መመለስ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ፊትን ወደ መረቡ አድርጎ በውስጥ በኩል መታጠፍ ነው፤ ኳሷን ሳያጣ ያያል፣ ነገር ግን ወደፊት ይሳባል፣ ከኋላው ያለው ሜዳ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው ጀርባን ለመረቡ ሰጥቶ በውጪ በኩል መዞር ነው፤ ወደ ኋላ ክብ ሠርቶ ከኋላ መስመሩ ሁለትና ሦስት ሜትር ርቆ ካለው መነሻ ቦታው ላይ፣ በፍጥነት እየተንከባለለ ፊቱን መልሶ ይደርሳል። ለቀጣዩ ኳስ የተሻለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ችግሩ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ዓይኑ ከሜዳው ላይ መነሳቱ ነው፤ በአንገቱ ዞሮ ካላየ ኳሷ ወዴት እንደሄደች አያውቅም።

ነጠላ ላይ ይህ አደጋ ነው። ጥንድ ላይ ግን ጓደኛ አለ። አንዱ ጀርባውን ሲሰጥ ሌላው ፊቱን ወደ ተጋጣሚ አድርጎ መሐሉን ይይዛል፤ «ያንተ»፣ «የኔ»፣ «ዙር» እያለም ይጮሃል። ጥሩ ጥንድ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጀርባቸውን አይሰጡም። ተጋጣሚዎቹም የሚያድኑት ያችን ሁለቱም የዞሩባትን ቅጽበት ነው፤ ያኔ ከመረቡ ጀርባ አጭር ጠብ የምትል ኳስ ትጣላለች፣ ማንም አይደርስባትም።

የሜዳው ግማሽ ለእያንዳንዱ 5.5 ሜትር ያህል ወርድ ነው። ለዊልቸር ሁለትና ሦስት ግፊት ነው፤ ጎኑን መሸፈን አይከብድም። የሚከብደው መሐሉ ነው። ሁለቱም ወደ መሐል ከገፉ ወንበሮቹ ይጋጫሉ፤ የአንዱ እግር ማሳረፊያ የሌላው ራጂ ውስጥ ከገባ ነጥቡ ብቻ ሳይሆን ጎማውም ይሄዳል። ሁለቱም ከተዉት ደግሞ ኳሷ በመካከላቸው ሁለቴ ነጥራ ታልፋለች። ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር የሚወሰን ነገር አለ፦ መሐል የመጣን ኳስ የሚወስደው ማን ነው? የተለመደው መልስ «ወደ መሐሉ እየተንከባለለ ያለው» ነው እንጂ «ቅርብ ያለው» አይደለም። አንድ ሜትር ርቆ ግን ወደ ኳሷ እየሄደ ያለ ወንበር፣ ግማሽ ሜትር ቀርቦ ፊቱን ካዞረ ወንበር ቀድሞ ይደርሳል።

የግራኝና የቀኝ ጥምረትም እዚህ ዋጋ አለው። ሂውት በቀኙ፣ ሪድ በግራው ይመታል። ቀኙ በቀኝ በኩል፣ ግራኙ በግራ በኩል ከቆሙ የሁለቱም ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታው ምት) ወደ ውጪ ይሆናል፤ ጎኑ ይጠናከራል፣ መሐሉ በባክሃንድ ይጠበቃል። ቦታ ከተለዋወጡ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሁለት ፎርሃንድ መሐሉን ይዘጋል። ተቀባዮች የሚቆሙበትን ወገን በአንድ ዙር (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ክፍሎች በአንዱ) ውስጥ መቀየር ስለማይችሉ፣ አዲስ ዙር ሲጀመር ቦታ የቀየሩ ጥንዶች ካያችሁ አንድ ነገር አልሠራላቸውም ማለት ነው።

መረብ ጋ መውጣት ወይስ ኋላ መቆየት? ድሮ ሁለቱም ኋላ ሆነው ረጃጅም ኳስ መላላክ የተለመደ ነበር። ምክንያቱ ሎብ ነው፤ በአናት ላይ ከፍ ተደርጋ የምትላክ ኳስ። በእግሩ ያለ ሰው ከአናቱ በላይ ያለፈች ኳስ ወደ ኋላ እየዘለለ ይመታታል፤ ዊልቸር ላይ ያለው አይዘልም፣ መዞር አለበት፣ ከዞረም ጓደኛው ነው የሚያድነው። ዛሬ ግን ምርጦቹ ጥንዶች ወደፊት ይወጣሉ፣ በሣር ላይ ደግሞ የበለጠ። ሳትነጥር የተመታች ኳስ የሣሩን ዝቅተኛ ነጠራ ታስቀራለች፤ ለተጋጣሚም ጊዜ አትሰጥም። በኔ ግምት የዚህ ዘመን ጥንድ ጨዋታ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው። ግን ወደፊት መውጣት የሚጠቅመው ኳሷን ጠልቃ ከኋላ መስመሩ አጠገብ ካሳረፉ በኋላ ነው። አጭር ኳስ ልኮ ወደ መረብ የወጣ ወንበር በግራም በቀኝም በአናትም በኩል ይታለፋል።

ዋንጫው

ውድድሩ በዊምብልደን ሁለተኛ ሳምንት ይካሄዳል። ቀድሞ አራት ጥንዶች ብቻ ነበሩ፤ ማለትም ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ። አሁን ስምንት ጥንዶች ስለሆኑ ሦስት ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ተጫዋቾቹም ባብዛኛው ነጠላው ላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊጫወት ይችላል፣ ትከሻው ደግሞ እግሩም እጁም ነው። ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። በአውስትራሊያ ኦፕን (ሜልበርን) እና በፈረንሳይ ኦፕን (ሮላን ጋሮስ) ጥንድ ጨዋታ አንድ ለአንድ ከሆኑ ሦስተኛው ዙር ሙሉ አይጫወትም፤ እስከ 10 ነጥብ በሚቆጠር ታይብሬክ ይለያል።

የዚህ ዘመን ገዢዎች ብሪታንያውያኑ ሂውትና ሪድ ናቸው። ዊምብልደንን በ2016፣ 2017 እና 2018 በተከታታይ ወሰዱ። በ2019 ቤልጂየማዊው ዮአኪም ዤራርና ስዊድናዊው ስቴፋን ኦልሶን አስቆሟቸው። 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ውድድር አልነበረም። ከ2019 ዩኤስ ኦፕን ጀምሮ እስከ 2022 ሮላን ጋሮስ 10 ግራንድ ስላም (ዊምብልደንን ጨምሮ አራቱ የዓመቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች የሚጠሩበት ስም ነው) በተከታታይ አሸነፉ፤ 2021ን ደግሞ አራቱንም ጠቅልለው ወሰዱ። ያንን ጉዞ የቋጨው እዚያው ዊምብልደን ላይ በ2022 የአርጀንቲናው ጉስታቮ ፈርናንዴዝና የጃፓኑ ሺንጎ ኩኒዬዳ ጥንድ ነው። ኩኒዬዳ በዚያው ሳምንት የጎደለውን የዊምብልደን ነጠላ ዋንጫም ወስዶ በ2023 መጀመሪያ ጡረታ ወጣ። ሂውትና ሪድ 2023ንና 2024ን ኦዳንና ታኩያ ሚኪን በፍጻሜ አሸንፈው መለሱት፤ በ2025 ግን ስፔናዊው ማርቲን ዴላ ፑዌንቴና ሆላንዳዊው ሩበን ስፓርጋረን ነጠቋቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ግራንድ ስላም ላይ ማንም ከማንም ጋር መጣመር ይችላል፤ አርጀንቲናዊና ጃፓናዊ፣ ስፔናዊና ሆላንዳዊ። ፓራሊምፒክ ላይ ግን ሁለቱም ከአንድ አገር መሆን አለባቸው። የ2022ቱ የዊምብልደን አሸናፊዎች በፓራሊምፒክ አብረው መሰለፍ አይችሉም ማለት ነው። ሁለት ጠንካራ ተጫዋች ያላቸው አገሮች እዚያ ይጠቀማሉ። ፈረንሳውያኑ ስቴፋን ኡዴና ኒኮላ ፔይፈር በሪዮ 2016ም በቶኪዮም ሂውትንና ሪድን በፍጻሜ አሸንፈው ወርቅ ወስደዋል። ብሪታንያውያኑ ያንን ወርቅ ያገኙት በፓሪስ 2024፣ ኦዳንና ሚኪን 6 ለ 2 እና 6 ለ 1 አሸንፈው ነው። ፓራሊምፒኩና ዩኤስ ኦፕን በአንድ ሰሞን ስለገጠሙም በ2024 ኒው ዮርክ ላይ የዊልቸር ውድድር አልተካሄደም።

ቀጣዩን ጨዋታ ስታዩ ኳሷን ለጥቂት ነጥቦች ተዉአት፤ ኳስ ያልመታውን ሰው ተከታተሉ። ወንበሩ እየተንከባለለ ነው ወይስ ቆሟል? ጓደኛው ሲዞር መሐሉን ይዟል? አጭር ኳስ ስትመጣ ፊቱ ወዴት ነበር? ከዚያ የሁለተኛ ሰርቭ ተቀባዩን እዩ፤ ከኋላ መስመሩ ውስጥ ገብቶ ከጠበቀ ለማጥቃት ነው፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ካፈገፈገ የዕለቱ ሰርቭ አስቸግሮታል። በነጥቦች መካከል ጥንዶቹ ራኬታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚንሾካሾኩትም ባብዛኛው ይህንኑ ነው፦ ቀጣዩ ኳስ መሐል ከመጣ ማን ይወስዳል፣ ማንስ በየት በኩል ይዞራል።